የኮሌስትሮል ሬሾዬ «ኖርማል» ነው ተባልኩ፤ ዶክተሯ ግን ክኒን ጀምሪ አለችኝ

የለገሃሯ ካሸር፦

እንደምን አላችሁ። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

49 ዓመቴ ነው። ለገሃር አካባቢ ካሸር ነኝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሥራ እስክወጣ ድረስ ወንበር ላይ ነኝ። እንጀራዬ ቁጥር ነው። አምስት ብር ብትጎድል ሳላገኛት ወደ ቤቴ አልሄድም። ለዚህ ይመስለኛል አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ያሉ አምስት ቁጥሮች እንቅልፍ የነሱኝ።

ወረቀቷ የላብ ውጤቴ ናት። የተመረመርኩት ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። እንዲህ ትላለች፦

ጠቅላላ ኮሌስትሮል 248
ኤችዲኤል (ጥሩው የሚባለው) 64
ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ያለ ሌላ ስብ) 110
ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው) 162
ሬሾ 3.9

248 እና 162 አጠገብ ወደ ላይ የምታሳይ ቀስት አለች። ሬሾው አጠገብ ደግሞ «ከ5 በታች ኖርማል» ይላል። ውጤቱን የሰጠኝ ልጅ «አይዞሽ እናቴ፣ ዋናው ሬሾው ነው፤ ያንቺ ቆንጆ ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ወረቀቱን ይዤ ስታዲየም አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ ግፊቴን ለካች፤ 144 በ92። ወረቀቱን አየች። ስለ ሬሾው አንድም ቃል አልተናገረችም። አቶርቫስታቲን የሚባል ኮሌስትሮል የሚያወርድ ክኒን፣ 20 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ብላ ጻፈችልኝ። ለምን ብዬ ልጠይቅ ስል ቀጣዩ ሰው በሩን ከፍቶ ቆሟል። ማዘዣውን ከባንክ ስሊፖቼ ጋር አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ወንድም ጋሼ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው ያረፈው። 47 ዓመቱ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ ጉዳይ ነበረው። መብራት ጠፍቶ ሊፍት አልነበረምና በደረጃ ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጥበቃው ሲያገኘው ኮቱን አውልቆ፣ በሥርዓት አጥፎ አጠገቡ አስቀምጦታል። «ትንሽ አየር አጠረኝ» አለው። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል «ጨጓራዬ ነው» ሲል ነበር። ተልባ እያፈላሁ የምሰጠው እኔ ነኝ። ቀጭን ነበር፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ሲጋራ አያውቅም። ኮሌስትሮሉን ግን አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም።

በአንድ ዓመት ከአራት ወር ነበር የሚበልጠኝ። አሁን እኔ በዕድሜ አልፌዋለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሬሾውን ልመን ወይስ ኤልዲኤሉን? ጥሩው ኮሌስትሮል 64 ከሆነ መጥፎውን አይሸፍንልኝም? ደግሞስ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ጾሜ፣ ፋሲካ ላይ የቀመስኩት ቅቤ ነው ይህን ያመጣው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጡረተኛው የላብ ሰው፦

እህቴ፣ በቅድሚያ የወንድምሽን ነፍስ ይማር።

31 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የኖርኩት። ሐኪም አይደለሁም። ስለ መድኃኒቱ ሐኪም ይናገር። ስለ ቁጥሮቹ ግን ልንገርሽ፣ ቁጥር ስለምትወጂ ይገባሻል።

ሬሾ የሚባለው ጠቅላላው ለኤችዲኤል ሲካፈል ነው። 248ን ለ64 አካፍዪ፤ 3.9 ገደማ ይመጣል። ልክ ነው፣ ማሽኑ አልተሳሳተም። አሁን ሌላ ሰው ላምጣልሽ። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 155፣ ኤችዲኤሉ 40 ነው። አካፍዪ። ያው 3.9 ነው። ትራይግሊሰራይዱ እንዳንቺው 110 ቢሆን ኤልዲኤሉ 93 ነው። ያንቺ 162 ነው። ሬሾ አንድ፣ ደም ውስጥ የሚዞረው ጭነት ግን ሰማይና ምድር።

ካሸር ስለሆንሽ እንዲህ ልበልሽ። ሁለት ሱቆች ለእያንዳንዱ መቶ ብር ሽያጭ አርባ ብር ዱቤ አላቸው እንበል። ድርሻው እኩል ነው። አንዱ ያበደረው አራት ሺህ፣ ሌላው አራት መቶ ሺህ ሊሆን ይችላል። ድርሻውን ብቻ የነገረሽ ሰው ስንት ብር ሜዳ ላይ እንዳለ አልነገረሽም።

ሌላም ልጨምር። ወረቀትሽ ላይ ያለው 162 ምናልባት በቀጥታ የተለካ አይደለም። ብዙ ቦታ ኤልዲኤል የሚገኘው በስሌት ነው። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ትቀንሺያለሽ፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ትቀንሺያለሽ። 248 ሲቀነስ 64፣ ሲቀነስ 22፤ 162። እ.ኤ.አ. በ1972 ፍሪድዋልድ የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ስሌት ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ አይሠራም። ያንቺ 110 ስለሆነ ይሠራል።

ስለ በዓሉ ጠይቀሻል። የፋሲካ ማግሥት የሚመጡ ቱቦዎችን አልረሳቸውም። ደሙ ተሽከርክሮ ሲወጣ ከላይ የሚንሳፈፈው ክፍል ሴረም ይባላል። በደህናው ቀን ጥርት ያለ የገለባ ቀለም አለው። ሰውየው ክትፎ በልቶ የመጣ እንደሆነ ወተት የገባበት ይመስላል። ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሣና ከጀርባው ጣቴን እፈልጋለሁ፤ ጣቴ አይታይም። እሱ ትራይግሊሰራይድ ነው። በአንድ ምግብ ይወጣል፣ በሰዓታት ይወርዳል።

ኤልዲኤል እንዲህ አይደለም። ኤልዲኤሉ 300 የሆነ ሰው ሴረሙ ኩልል ያለ ሊሆን ይችላል፣ በዓይን አታውቂውም። በአንድ ቀን ዶሮ ወጥም አይዘልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅቤ ሲበላ ግን ከፍ ማለቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ያው ሰው በተለያየ ቀን ሲለካ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት አትፍረጂ። ድገሚው።

የካዛንቺስ ሹፌር፦

ጋሼ፣ እኔም የራሴን ላስቀምጥ፣ ይመልከቱልኝ። 44 ዓመቴ ነው፣ ሹፌር ነኝ። ጠቅላላ 190፣ ኤችዲኤል 32፣ ትራይግሊሰራይድ 240፣ ኤልዲኤል 110። ጠቅላላውና ኤልዲኤሉ ደህና ነው ተብዬ ወረቀቱን ዳሽቦርድ ውስጥ ወርውሬዋለሁ። ሬሾ የሚል ነገር አልተጻፈበትም። አሁን እርስዎ እንዳሉት ሳካፍለው 5.9 መጣብኝ። እንደ እህታችን ስሌት የእኔ የባሰ ነው ማለት ነው?

በቀን አራት ሲጋራ አጨሳለሁ። ሆዴም ወጣ ብሏል፣ ልደብቅ አልችልም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ሁለታችሁም በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ያመጣችሁት። ልክ ተቃራኒዎች ስለሆናችሁ እርስ በርስ ታስረዳላችሁ።

ከወንድሜ ልጀምር። ሬሾ የሚጠቅመው እንዳንተ ላለ ሰው ነው። ኤልዲኤልህ 110 ብቻ ቢታይ ማንም ዝም ብሎ ያልፍሃል። ግን ኤችዲኤልህ ዝቅ፣ ትራይግሊሰራይድህ ከፍ ብሏል። ለወንድ ከ40 በታች የሆነ ኤችዲኤል ዝቅተኛ ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ከ150 በላይ ከፍ ያለ ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ብዙ ጊዜ ከሆድ ስብና ከስኳር ጋር የተያያዘ ነው። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንስ፤ 158 ይቀርሃል። ይህ ቁጥር ደም ሥር ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚችሉትን ሁሉ ይይዛል፣ ኤልዲኤልን ብቻ አይደለም። እኔ በሽተኛዬን ሳይ ከሬሾው ይልቅ ይህችን ቁጥር ነው የማየው። ምግብ ተበልቶም ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ ወረቀቱን ከዳሽቦርዱ አውጣው። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየውን ምርመራ አሠራ፣ ግፊትህንም ተለካ። ስለ ሲጋራው ደግሞ፣ አራት ናት ብለህ አትናቃት። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው እንኳ፣ በቀን ሃያ የሚያጨስ ሰው ከሚጨምርበት የልብ አደጋ ግማሹን ያህል ይሸከማል። ልብ ላይ ሲሆን መቀነስ ሳይሆን ማቆም ነው የሚጠቅመው።

አሁን ወደ እርስዎ፣ እትዬ። ስለ ወንድምዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማዘዣው ሳይብራራልዎ መውጣትዎ ልክ አልነበረም። ወረፋ ሰበብ አይሆንም። እኔም ወረፋ ሲበዛ አንዳንዴ እንዲሁ አደርጋለሁ፣ ይህን ሳነብ ከፋኝ።

«ጥሩው መጥፎውን አይሸፍንም ወይ?» ብለዋል። ብዙ ዓመት እኛም እንደዚያ ነበር የምናስበው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ ላይ የተጀመረ ትልቅ ክትትል አለ። ከእሱ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ልባቸው ይበልጥ መታመሙ ነው። ሬሾውም ከጠቅላላው ቁጥር ብቻ የተሻለ አመልካች ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዞቹ የአደጋ ማስሊያ እስከ ዛሬ ሬሾውን ይጠቀማል። ስለዚህ ሬሾ ከንቱ ነው አልልዎትም።

ችግሩ የመጣው ኤችዲኤልን በመድኃኒት ከፍ ለማድረግ ሲሞከር ነው። ቶርሴትራፒብ የሚባል መድኃኒት ኤችዲኤልን በጣም ከፍ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ሙከራው ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ ሞት በዝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኒያሲን የሚባለው መድኃኒት የሙከራ ውጤት ወጣ። ኤችዲኤሉ ወጣ፣ ልቡ ግን አልተጠቀመም። በትውልድ ኤችዲኤላቸው ከፍ የሚል ሰዎች ሲጠኑም ከሌላው ሰው ያነሰ የልብ ሕመም አልታየባቸውም።

ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና ነው ይባላል ኤችዲኤል። መኪናው ግቢ ውስጥ ስለበዛ ሰፈሩ ጸዳ ማለት አይደለም። የእርስዎ 64 ደስ ይላል። ግን 162ቱን አይሰርዘውም።

ኤልዲኤል ነገሩ የጊዜ ነው። ዛሬ 162 መሆኑ ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት እንደዚያ ሆኖ እንደቆየ ነው። ሴት ልጅ ወር አበባዋ ሲቆም ኤልዲኤሏ ከፍ ይላል። ከእርስዎ ዕድሜ ጋር ይሄዳል። ብዙ እህቶቻችን የልብ ሕመምን የወንድ በሽታ አድርገው ያዩታል፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ነው የሚሄደው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው የአደጋ ሰንጠረዥ አለ። ለምሥራቅ አፍሪካ የራሱ ገጽ አለው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው ግፊት፣ ስኳርና ጠቅላላ ኮሌስትሮል ይገባበታል። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የመያዝ ዕድልን በቀለም ያሳያል። ሬሾ የለበትም። እርስዎን ብናስገባዎ ምናልባት ዝቅ ያለ ቀለም ላይ ይውሉ ይሆናል። ግን ሰንጠረዡ ወንድም ጋሼን አያውቀውም። የቤተሰብ ታሪክ የሚባል ቦታ የለውም። ወንድም ወይም አባት ከ55 ዓመቱ በፊት፣ እህት ወይም እናት ከ65 በፊት በልብ ከታመሙ እኛ አደጋውን ከፍ አድርገን ነው የምናየው። ያቺ ዶክተር ስለ ወንድምዎ ጠይቃ ነበር? ካልጠየቀች ይንገሯት።

ክኒኑን ከመጀመርዎ በፊት እኔ ብሆን የማዝዘው ይህን ነው። የእንቅርት ሆርሞን፤ እንቅርት ሲዳከም ኤልዲኤል ስለሚጨምር። ስኳር፣ ኩላሊት፣ የጉበት ምርመራ። ኤልዲኤሉን በድጋሚ። ግፊቱን ደግሞ ቢያንስ በተለያየ ሁለት ቀን፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ጀርባዎን ደግፈው። ከታክሲ ወርደው ሮጠው ገብተው የተለካ 144 አያሳምነኝም።

20 ሚሊግራሙ ኤልዲኤልን በአርባ ከመቶ ገደማ ያወርዳል። 162 ወደ 95 አካባቢ ይመጣል ማለት ነው። ኤልዲኤል በ39 በወረደ ቁጥር የልብ ድንገተኛ ሕመምና የስትሮክ አደጋ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ጡንቻ ሊያምዎ ይችላል፤ ካመመዎ ይናገሩ፣ በራስዎ ግን አያቋርጡት። አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ዓመት የሚወሰድ ነው። ሲያቆሙት ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለሚያነብ ሁሉ። ደረት መጨነቅ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ በተለይ ሲራመዱ የሚመጣና ሲያርፉ የሚሻል «ጨጓራ»፤ እነዚህን ተልባ አያድናቸውም። ሴቶች ላይ አንዳንዴ ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ይመጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

እትዬ፣ ተልባውን ያፈሉለት በፍቅር ነው። ያን ጊዜ ማወቅ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

ምግብ ቤት ያላት (አራት ኪሎ)፦

ዶክተሮቹ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ድስቱ ልናገር። ባለቤቴ የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ከገባለት አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤቴን ከሥር ከመሠረቱ ነው የቀየርኩት።

እህቴ፣ ጾም ጾሜ ነበር ብለሻል። በምን ዘይት? ይህን የሚጠይቅ ሰው የለም። በሐምሌ ጠዋት ጀሪካኑን አዘንብለሽ አይተሽዋል? ከታች ነጭ ሆኖ የሚረጋ፣ አንዳንዴም ገና ሲቀዳ እየጓጎለ የሚወርድ ዘይት አለ። ያ ፓልም ነው። ግማሹ ያህል እንደ ቅቤ የሚረጋ ስብ ነው። ኤልዲኤልን የሚያወጣው እሱ ነው። ሰው ሁዳዴን በሙሉ በፓልም የተጠበሰ ሳምቡሳና ብስኩት በልቶ «ጾሜ ኮሌስትሮሌ አልወረደም» ይላል። የኑግና የሱፍ ዘይት ውስጥ ይህ ዓይነት ስብ በጣም ያንሳል። ዋጋው ይወደዳል፣ አውቃለሁ። እኔ መጠኑን ቀንሼ ነው የቻልኩት። ድሮ ለአንድ ድስት ሽሮ ሁለት ጭልፋ ዘይት አፈስ ነበር፤ አሁን አንድ ማንኪያ ነው፣ ሽንኩርቱን በውሃ እያቁላላሁ። ደንበኛ አልቀነሰብኝም።

ቅቤን ሙሉ በሙሉ አልከለከልኩትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ውስጥ ሰባት ግራም ያህል የሚረጋ ስብ አለ። የነጠረ ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። አንድ ሰው ክትፎ ሲያዝ ስንት ማንኪያ እንደሚፈስበት እኔ አውቃለሁና ለባለቤቴ በዓል ላይ ብቻ፣ ለክቼ ነው የምሰጠው። በሌላው ቀን ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ የአጃ ሾርባ። አጃ ኤልዲኤልን በመጠኑ ያወርዳል፣ ተልባም ትንሽ ይረዳል። ግን ክኒኑን አይተኩም። ባለቤቴ አንድ ጊዜ «ምግቤን አስተካክያለሁ» ብሎ ክኒኑን ለሦስት ወር ትቶት ነበር። ኤልዲኤሉ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ስለ ቡና ደግሞ፣ ተፈልቶ በወረቀት ያልተጣራ ቡና ኤልዲኤልን ከፍ እንደሚያደርግ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ነግራኛለች። ቡናን ማን ይተዋል። እኛ ቤት ከአቦል በኋላ አቆምን።

የለገሃሯ ካሸር፦

ተመልሼ መጣሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጋሼ እንዳሉኝ ደገምኩት። ኤልዲኤል 156። ያው ነው። እንቅርቱም ስኳሩም ደህና ነው። ግፊቴን ሦስት ቀን ተለካሁ፤ 138፣ 142፣ 140። ወደዚያችው ዶክተር ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ። «ወንድሜ በ47 ዓመቱ በልብ ሞቷል» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ አልተቻኮለችም፤ ሃያ ደቂቃ አወራን። ክኒኑን ከጀመርኩ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። እስካሁን ምንም አላመመኝም። ጨው ቀንሻለሁ። ማታ ከሥራ ስወጣ ታክሲ አልይዝም፣ ከለገሃር ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ በእግሬ እወጣለሁ። መንገዱ አሁን ሰፊ ነው፣ ይመቻል።

የመጣሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። ዶክተሯ «ሌላ እህት ወንድም አለሽ?» አለችኝ። ታናሽ እህት አለችኝ፣ 41 ዓመቷ። ምንም አያማትም፣ ቀጭን ናት፣ ልክ እንደ ወንድም ጋሼ። እየጎተትኩ ወሰድኳት። ውጤቷ ትናንት ወጣ።

ጠቅላላ 290፣ ኤችዲኤል 70፣ ትራይግሊሰራይድ 90፣ ኤልዲኤል 202። ሬሾ 4.1። አጠገቡ ምን ይላል መሰላችሁ፤ «ኖርማል»።

እጄ ተንቀጠቀጠ። ስሌቱን ራሴ ሠራሁት። 290 ሲቀነስ 70፣ ሲቀነስ 18። 202 ነው። አልተሳሳቱም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

እትዬ፣ እህትዎን በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ያድርሷት። አስቸኳይ ሆኖ አይደለም፣ እንዳይረሳ ነው። ኤልዲኤል ከ190 በላይ ሲሆን ሬሾ አንፈልግም፣ ሰንጠረዥም አንፈልግም። ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። እንቅርቷን አስመርምረው ደህና ከሆነ፣ በዘር የሚወረስ የኮሌስትሮል ችግር መኖሩን እናስባለን። ከ300 ሰው በአንዱ ላይ ገደማ ይገኛል። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ የሚያነሣበት መንገድ ከልደት ጀምሮ ስለሚጎድል ቀጭንም ሆነ ወፍራም፣ ጾመም በላም ከፍ ይላል። ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ወንድም ጋሼ ልጆች ነበሩት?

የለገሃሯ ካሸር፦

ሁለት። ወንዱ 19፣ ሴቷ 16።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ሁለቱንም ይውሰዷቸው። በዚህ ዕድሜ ከተገኘ ገና ምንም ሳይዘጋ ነው የምንደርስበት። የአባታቸው ኮሌስትሮል ተለክቶ ባያውቅም የልጆቹ ደም ብዙ ነገር ይነግረናል። የእህትዎ ልጆች ካሉም እነሱንም።

የለገሃሯ ካሸር፦

ደወልኩላቸው። እናታቸው መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ «እኔም አብሬ እመጣለሁ» አለች። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ስታዲየም ጋ እንገናኛለን። ልጁ አሁን ጽፎልኛል። «አክስቴ፣ ቁርስ ልብላ ወይስ ባዶ ሆዴን ልምጣ?» ይላል። ጋሼ፣ ምን ልበለው?

ጡረተኛው የላብ ሰው፦

ይብላ። እንጀራውንም ሻዩንም። ለመጀመሪያ ምርመራ ባዶ ሆድ የግድ አይደለም፤ ትራይግሊሰራይዱ በጣም ወጥቶ ከተገኘ ብቻ ነው ጾሞ የሚደግመው። ቅቤ የበዛበት ፍርፍር ግን ይቅርበት። ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ደም ሥሩ በቀላሉ ይገኛል። ልጅቷ መርፌ የምትፈራ ከሆነ ተኝታ ትቀዳ፣ ይህን ለባለሙያው አስቀድመሽ ንገሪልኝ። ውጤቱ ሲወጣ ቀስቱን ተዪውና አምስቱንም ቁጥሮች እዚህ ጻፊያቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።